ከመርካቶ የተገዛው ዓይን

ውብነሽ ለሜሳ ዓይን አፋር ስለነበረች ሰውን የምታውቀው በልብሱ ነው። የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ በመሆኗም ከአንገት በታች ያለው ይበቃታል። ኮሌታው ተገልብጦ የተሰፋለት ሰው ቆጣቢ ሚስት አለችው። ነጭ ቁልፉ በጥቁር ክር የተተከለበት ብቻውን የሚኖር ነው። ክርኑ ያብለጨለጨው ቢሮ ይውላል፤ የሱሪው ጉልበት ያበጠው አውቶቡስ ሲጠብቅ ቁጢጥ ይላል። እንዲህ እያለች የጎፋን ሰው አንድ በአንድ ለይታ ታውቃለች፤ የማንንም ፊት ግን በቅጡ አታውቅም።

«አንቺ ልጅ፣ አንድ ቀን ሌባ ቢዘርፍሽ ለፖሊስ የምትናገሪው የሱሪውን ስፌት ነው» እያሉ አክስቷ ወይዘሮ በቀለች ይቀልዱባት ነበር።

ነገሩ የሆነው በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ነው። ውብነሽ ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነበር። ጎፋ ሰፈር ከአክስቷ ጋር ትኖራለች። ሳምንቱን ሙሉ የወታደር ካኪ ኮሌታ ስትሰፋ ትሰነብትና ቅዳሜ ከሰዓት በላፍቶ አቋርጣ በእግሯ ወደ ለቡ፣ ወደ እናትና አባቷ ትሄዳለች። አባቷ አቶ ለሜሳ ገበሬ ናቸው፤ ጤፍና ምስር ያመርታሉ፣ ላሞችም አሏቸው። ቁመታቸው ረዥም፣ ንግግራቸው አጭር ነው። አንድ ጊዜ «አይሆንም» ካሉ ያቺን ቃል ወደ አፋቸው የሚመልስ ሽማግሌ ለቡም ላፍቶም አልተፈጠረም። ከዚያ በፊት አንድ ጥሩ ልጅ ሽማግሌ ልኮ፣ ስለ እሱ በሰሙት በአንዲት ትንሽ ወሬ «አይሆንም» ብለውት ወሬዋ ውሸት መሆኗ ሲታወቅ እንኳ ቃላቸውን አላነሡም። ውብነሽ ይህን አትረሳም።

በዚያ ዓመት መስከረም ላይ የወይዘሮ በቀለች ሬዲዮ ታመመ። ዜናውም ዘፈኑም እንደሚጠበስ ሽንኩርት መንጫጫት ብቻ ሆነ። ከሰፈሩ የጦር ካምፕ አጥር ማዶ በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ሬዲዮ የሚጠግን አምሐ የሚባል ልጅ ነበርና ወስዶ ጠገነው፤ በሦስተኛው ቀን ራሱ ተሸክሞ አመጣው።

ውብነሽ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል ሸሚዙን አየች። የተተኮሰ ነው። ግን ከግራ ኪሱ ከፍ ብሎ የብየዳ ፍንጣሪ የጠበሳት፣ ምስር የምታህል ቀዳዳ አለች። ቀዳዳዋን ራሱ ነው በመርፌ የጠቀማት፤ የወንድ እጅ መሆኑ ያስታውቃል። ሆኖም ክሩን ከጨርቁ ቀለም ጋር ለማመሳሰል ብዙ ተጨንቋል። ይህን ስታይ ልቧ ደንገጥ አለ። ከዚያች ቀዳዳ በላይ ግን ዓይኗ አልወጣም።

«እህቴ፣ ስፌት ትችያለሽ አሉ» አላት።

«ትንሽ ትንሽ።»

«ሁለት ትንንሽ ከረጢት ፈልጌ ነበር። ለዓይን።»

«ለምን?»

«ለዓይን» አለና ከሁለቱ ኪሶቹ ሁለት ጥቋቁር ነገሮች አውጥቶ ከመኪናዋ አጠገብ አቆማቸው። የጠርሙስ ቡሽ ያህላሉ፤ ላይና ታቻቸው መስተዋት ነው።

ወይዘሮ በቀለች ያን ጊዜ ከግርግዳው ወዲያ ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት ያቁላላሉ። ጆሯቸው ግን ሳሎን ነበር።

አምሐም ዓይን አፋር ነው፤ ስለ ዕቃው ሲናገር ግን አፋርነቱ ይጠፋል። አንድ ራሽያዊ መሐንዲስ ሬዲዮውን ሲያሠራ ከርሞ ወደ አገሩ ሲመለስ ሻንጣው አልበቃ ብሎት ትልቅ መነጽር ትቶለት ሄዷል። ጨረቃንና ከዋክብትን አቅርቦ የሚያሳይ፣ እንደ ቧንቧ የረዘመ መነጽር ነው። ሰው የሚያይበት ጫፍ ላይ የምትሰካውን ትንሿን መስተዋት አምሐ «ዓይን» ይላታል። ዓይኗ ካልተሰካች መነጽሩ ባዶ ቧንቧ ነው።

«ታዲያ ሁለት ለምን አስፈለገህ?»

«አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባል የለ? አንዱ ዓይኔ እውነተኛ ነው፣ ከመነጽሩ ጋር የመጣ። ቢሰበርብኝስ ብዬ ሌላውን መርካቶ ምናለሽ ተራ ገዛሁት። ሻጩ ኦርጅናል ነው ብሎ ማለልኝ። አርቲፊሻል ነው።»

ሽንኩርቱ ጮኸ፤ ወይዘሮ በቀለች ውኃ ጠብ አደረጉበት። ከሰሙት ሁሉ የደረሳቸው «አንድ ዓይን ያለው»፣ «አንዱ ዓይኔ እውነተኛ ነው» እና «መርካቶ ገዛሁት፣ አርቲፊሻል ነው» የሚለው ብቻ ነበር። ማማሰያቸውን ይዘው ቀጥ አሉ። ምስኪን ልጅ፣ ለዚህ ነው ለካ ለብሔራዊ ውትድርና ያልወሰዱት፣ አሉ በሆዳቸው። ነገሩ በአንድ ጊዜ ግልጥ ሆነላቸው፤ የተሳሳተ ነገር ደግሞ ከሁሉ በላይ ግልጥ ይሆናል።

ሳሎን ውስጥ አምሐ ሁለቱን ዓይኖች ወደ ውብነሽ ገፋ አደረጋቸው። «እስቲ እውነተኛው የቱ ነው?»

ውብነሽ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ መዳፏ መዘነች። «ይሄ ነው። ከበድ ይላል።»

«ሁሉም እንደዚያ ይላል። ያ ግን ማስመሰያው ነው። የሠራው ሰው የእኛ አገር ገዢ ዕቃ በመዳፉ እንደሚመዝን ያውቃል፤ ስለዚህ ናሱን አወፍሮ ቀረጸው። ጽሑፉን እዪው ደግሞ። የሰፈራችን ባለ ሱቅ ጋሽ መሐሙድ የእንግሊዝኛ ፊደል ስለቆጠሩ፣ እዚህ ላይ ኤን የምትባለዋ ፊደል ተገልብጣለች ብለው እውነተኛውን ውሸት አሉት። በራሽያኛ ግን ፊደሏ እንደዚያ ናት፤ መሐንዲሱ ጽፎ አሳይቶኛል። ይሄኛውን የሠራው ሰውዬ የተሳሳተች መስሎት አቃንቷታል።»

ውብነሽ ሳታስበው ሳቀች። ስፌት ተሳስቷል ብሎ ደህናውን የሚተረትር ፈታሽ ፋብሪካቸውም ውስጥ ነበር።

ከዚያ ዓይኖቹን ወደ መስኮቱ አዘንብሎ አሳያት። በእውነተኛው መስተዋት ላይ የመስኮቱ ብርሃን ጋዝ እንደተንጠባጠበበት ውኃ ሐምራዊ ሆኖ ታየ። በማስመሰያው ላይ እንደ ማንኛውም ብርጭቆ ነጭ ሆኖ ታየ። የእውነተኛው ውስጡ እንደ ጉድጓድ ጠቁሯል፤ የማስመሰያው ውስጡ ያብለጨልጫል። ውብነሽ ዝርዝር ነገር ትወዳለችና ሁለቱንም ደጋግማ አገላበጠቻቸው። ከፋብሪካ ቁርጥራጭ ውስጥ ጥቁር መርጣ ለእውነተኛው፣ ቀይ መርጣ ለማስመሰያው ከረጢት ሰፋች። አፋቸው በገመድ የሚሳብ፣ ውስጣቸው በለስላሳ ጨርቅ የተገበረ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ውብነሽ ከለቡ እንደተመለሰች አምሐ መነጽሩን ወደ ወይዘሮ በቀለች ግቢ አመጣው። ፀሐይ ገና ጠልቃ፣ ግማሽ ጨረቃ በአናታቸው ላይ ነበረች። መጀመሪያ እውነተኛውን ዓይን ሰካላት። ውብነሽ ጎንበስ ብላ አየች። ጨረቃዋ ዳሯ በደንብ እንደተዘመዘመ ጨርቅ ጥርት ያለ ነው፤ በላይዋ ያሉት ጉድጓዶች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ከዚያ ማስመሰያውን ሰካ።

«ምን አየሽ?»

«ጥለት አላት።»

«ምን አላት?»

«ዳር ዳሯን። በዚህ በኩል ቢጫ፣ በዚያ በኩል ሰማያዊ። እንደ ነጠላ ጥለት። መሃሏም ታጥቦ ሳሙና ያልለቀቀው ጨርቅ ይመስላል።»

አምሐ መነጽሩን ትቶ ወደ እሷ ዞረ። እሱ ይህንን ለማስረዳት ስንት ጊዜ ተቸግሮ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የወይዘሮ በቀለች ሬዲዮ በየሳምንቱ መታመም ጀመረ። እየመጣ ያየዋል፤ ከሬዲዮው ይልቅ የስፌት መኪናው አጠገብ ይቆያል። ወይዘሮ በቀለች ነገሩን ተረዱ፤ ልጁንም ወደዱት። አንድ ነገር ብቻ ያሳስባቸዋል። ፊቱን በስርቆሽ እያዩ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ይሞክራሉ። አንድ ቀን ግራው ይመስላቸዋል፤ በሌላው ቀን ቀኙ።

አምሐ ለጋብቻ ሽማግሌ ሊልክ ሲነሣ፣ ወላጆቹ ጎጃም ስለሆኑ የሄዱለት የሰፈር ሰዎች ናቸው። የፊት መሪው ባለ ሱቁ አቶ መሐሙድ ነበሩ፤ ወሬ የማያልቅባቸው፣ ቆብ የማይለያቸው የስልጤ ሰው። ለታኅሣሥ የመጀመሪያ እሑድ ለቡ እንዲመጡ ተቀጠሩ።

ወይዘሮ በቀለች ይህን ሲሰሙ አላስቻላቸውም። ረቡዕ ዕለት ለቡ ወርደው ለወንድማቸው ሁሉን ነገሩ። «ልጁ ወርቅ ነው። እኔ ክፉ አልናገርም። ብቻ አንድ ዓይኑ የመርካቶ ነው።»

አቶ ለሜሳ ወደ እህታቸው ዞሩ። «ራሱ ነው የነገረሽ?»

«በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ዓይኑ መጥፋቱ አይደለም የሚያስከፋኝ» አሉ አቶ ለሜሳ። «የጎረቤቴም በሬ አንድ ዓይን ነው፤ ያርሳል። ደብቆ ከመጣ ግን አልሰጥም። ለልጅቷ እንዳትነግሪያት። ከሽማግሌዎቹ አፍ ልስማ።»

ስለዚህ ውብነሽ ቅዳሜ ለቡ ስትገባ ምንም አታውቅም ነበር። የቀዩ ከረጢት ገመድ ተበጥሶ ልትጠግነው ከነዓይኑ በቦርሳዋ ይዛው መጥታለች። ሌሊቱን እየጠገነች ሳይሆን እያለመች አደረች፤ ጧት እናቷ ወይዘሮ ሸጊቱ ሲጠሯት ከረጢቱ ገና በእጇ ነበርና ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

ሽማግሌዎቹ መጡ። ውብነሽ እንደ ደንቡ ጓዳ ገባች። ከመጋረጃው ጀርባ ቆሎ ታምሳለች፤ ወይዘሮ በቀለችም አጠገቧ ተቀምጠው አይናገሩም። ዝምታቸው ለውብነሽ እንግዳ ነገር ነበር።

ሰላምታው አለቀ፤ ስለ ላሞቹና ስለ ምስሩ ተጠየቀ። ከዚያ አቶ ለሜሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጁ ጨዋ ነው ተብሏል። እኔ ግን አንድ ነገር ሰምቻለሁ። ስለ ዓይኑ።»

የአቶ መሐሙድ ፊት በራ። «ስለ ዓይኑ ሰምተዋል? ወሬው ለቡ ድረስ መጣ?»

«መጣ።»

«እኛማ ጎፋ ላይ የምንኮራበት ነገር ነው።»

«ትኮሩበታላችሁ?»

«ታዲያስ። ቀበሌው በሙሉ አይቶለታል። ሊቀመንበሩም አይተዋል።»

አቶ ለሜሳ ትንሽ አሰቡ። «ሁለቱም የራሱ ናቸው?»

«ሁለቱም የራሱ ናቸው። አንዱ እውነተኛ፣ አንዱ አርቲፊሻል። እኛ ምን እንደብቃለን?»

ጓዳ ውስጥ የውብነሽ እጅ ቆሎው ላይ ቆመ። ወይዘሮ በቀለች ወደ መሬት ተመለከቱ።

«የትኛው ነው አርቲፊሻሉ?» አሉ አቶ ለሜሳ።

«እሱን እኔም እሳሳታለሁ። ሲያዩዋቸው አንድ ናቸው። እንዲያውም አርቲፊሻሉ ይከብዳል።»

«ይከብደዋል?»

«ናስ ነዋ።»

«ናስ» አሉ አቶ ለሜሳ ቀስ ብለው።

የአባቷ ድምፅ ኮስታራ ስለነበር ውብነሽ መነጽሩን ጨርሶ አላሰበችውም። አርቲፊሻል ዓይን? አምሐ? ፊቱን ለማስታወስ ሞከረች። ሸሚዙ መጣላት። የተሰፋችው ቀዳዳ መጣችላት። የቀበቶው ሦስተኛ ቀዳዳ መስፋቱ፣ የጃኬቱ ሽፋን በብብቱ ስር መሳሳቱ፣ ሁሉም መጣላት። ዓይኖቹ ግን አልመጡም። በነዚያ ሁሉ እሑዶች አንድም ቀን ቀና ብላ አላየቻቸውም። አንዱ ናስ ቢሆን እንኳ አታውቅም ነበር። በአፋርነቷ ያን ዕለት የተናደደችውን ያህል ተናዳ አታውቅም።

«ያይበታል?» አሉ አባቷ ከመጋረጃው ወዲያ።

«በእውነተኛው ጥርት አድርጎ ያያል። በአርቲፊሻሉም ያያል፤ ዳር ዳሩ ብዥ ይላል እንጂ። እኔም አይቼበታለሁ።»

«እርስዎ? በእሱ ዓይን?»

«ነቅሎ ይሰጠናል። ወላሂ፣ ልጁ ቸር ነው። ማታ ማታ ደግሞ ሁለቱንም ያወጣና ልጅዎ በሰፋችለት ከረጢት ያኖራቸዋል። አቧራ አይወዱም።»

በአቶ ለሜሳ በኩል የተቀመጡት የለቡው ሽማግሌ አቶ ኢታና ስለ መነጽሩ የማያውቁ ሰው ነበሩና ቀስ ብለው ከአቶ መሐሙድ ራቅ አሉ።

ከረጢት የሚለውን ስትሰማ ለውብነሽ ሁሉ ነገር በራላት። ወደ አክስቷ ዞረች። «እትዬ፣ ምን ብለሽ ነው የነገርሽው?»

«የሰማሁትን» አሉ ወይዘሮ በቀለች በሹክሹክታ። «ሽንኩርት ላይ ሆኜ።»

ከወዲያ አቶ ለሜሳ በተቀመጡበት በርጩማ ላይ ቀጥ ሲሉ ይሰማል። ውብነሽ ያን ድምፅ ታውቀዋለች፤ «አይሆንም» ከመምጣቷ በፊት በርጩማው እንደዚያ ይጮኻል። ጮኻ ታስረዳ? ሽማግሌ በተቀመጠበት ልጅቷ ከጓዳ ሆና አትጮኽም። ትጠብቅ? ቃሏ ከወጣች አትመለስም።

«እንግዲህ እኔ ልጄን…» ብለው አቶ ለሜሳ ጀመሩ።

ውብነሽ ቀዩን ከረጢት ከኪሷ አውጥታ ፈታች። ዓይኑን ከቆሎው ሳህን መሃል አስቀመጠችና መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ልጅቷ በዚያ ሰዓት መውጣቷ ደንብ አይደለም፤ ቆሎ ማቅረብ ግን ሁልጊዜ ደንብ ነው። ሳህኑን ከአባቷ ፊት አኖረች። ዓይኑ በገብሱ መሃል መስተዋቱን ወደ ላይ አድርጎ አቶ ለሜሳን አፍጥጦ ያያል።

«አባዬ፣ ዓይኑ ይኸው» አለች።

አቶ ለሜሳ ጎንበስ ብለው አዩት። ሁለት ጣታቸውን ልከው አነሡት፤ መዘኑት፤ አገላበጡት።

«ይህ የልጁ ዓይን ነው?»

«የመነጽሩ ዓይን ነው። ሰማይ የሚያይበት ትልቅ መነጽር አለው፤ ጫፉ ላይ የሚሰካው ነው።»

አቶ መሐሙድ መጀመሪያ አልገባቸውም። ከዚያ የተናገሩትን አንድ በአንድ ሲያስታውሱ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ቆባቸው ወደቀ። «እኔ እኮ ማታ ሁለቱንም ያወጣል አልኩ» እያሉ እንባቸውን ይጠርጋሉ። አቶ ኢታና ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

አቶ ለሜሳ ብቻ አልሳቁም። የተያዘ ሰው መሳቅ አይወድም። ፊታቸውን ወደ ልጃቸው አዙረው በሁሉ ሰው ፊት ጠየቁ። «የልጁ የራሱ ዓይኖችስ ደህና ናቸው?»

ውብነሽ አንገቷን ደፋች። መዋሸት አልቻለችም። «አላየኋቸውም።»

ይህን ጊዜ የአቶ ለሜሳ ፊት ቀስ በቀስ ተፈታ። «ሰማችሁ? ስንት ወር ቤት እየመጣ ዓይኑን አላየችውም። ልጄ እንደዚህ ናት።» ዓይኑን ወደ ሳህኑ መለሱና ቆሎውን ዘገኑ። «እንግዲያው የሚቀጥለው እሑድ ልጁ ራሱ ይምጣ። ዓይኖቹንም ይዞ። አራቱንም።»

አምሐ በቀጠሮው ቀን መነጽሩን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በትከሻው ተሸክሞ መጣ። ላፍቶ ላይ የገበሬ ማኅበሩ ጥበቃ መድፍ መስሎት አስቁሞት ነበር፤ ዓይን ተሰክቶለት የማዶውን ጋራ ካየ በኋላ ግን እስከ ለቡ ድረስ አብሮ ተሸከመለት።

አቶ ለሜሳ ስለ መነጽሩ አልጠየቁም። መጀመሪያ ልጁን ከደጅ አቆሙት። «ግራህን ጨፍን። ከማሳው ጫፍ ያለችው ላም ቀንዷ እንዴት ነው?»

«አንዱ ተሰብሯል፣ ጋሼ።»

«ቀኝህን ጨፍን። የማን ልጅ ነው የሚጠብቃት?»

«እሱን አላውቅም። ግን የለበሰው ሹራብ ክርኑ ላይ ተቀዷል።»

ከጓዳው መስኮት የምታየው ውብነሽ ከንፈሯን ነከሰች። ይህን አንድ ነገር ከእሷ ነው የተማረው።

አመሻሽ ላይ መነጽሩ በግቢው መሃል ቆመ። አምሐ ከጥቁሩ ከረጢት እውነተኛውን አውጥቶ ሰካ። አቶ ለሜሳ ረዥሙን ወገባቸውን አጥፈው አዩ፤ ብዙ ቆዩ።

«ፈንጣጣ ይዟት ነበር» አሉ በመጨረሻ።

ከዚያ ማስመሰያው ተሰካ። አቶ ለሜሳ አሁንም አዩ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ልጅ መስሎ ነበር። «ይሄኛው ነው እውነተኛው። በዓል ልብሷን ለብሳለች፤ ጥለቷ ሁሉ ይታያል።»

አቶ መሐሙድ አምሐን በዓይናቸው ጠቀሱት፤ አቶ ኢታናም እግሩን በበትራቸው ነካ አደረጉት። እሺ በልና ይለቅ ማለታቸው ነው። ውብነሽ በመስኮቱ እንጨት ላይ እጇን ጨበጠች። «አዎን» ቢል ነገሩ ያልቃል፤ እሷም ያን ያህል አትከፋም ነበር።

አምሐ ግን ራሱን ነቀነቀ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጋሼ፣ እሱ ማስመሰያው ነው። ጨረቃ ጥለት የላትም። ጥለቱን የሚያወጣው መጥፎው መስተዋት ነው።»

«ከባዱ እኮ ነው።»

«ከባድ ነው። ግን ማስመሰያ ነው።»

«ልጄን ልትጠይቅ መጥተህ ተሳስተሃል ትለኛለህ?»

«ለሌላ ነገር ቢሆን ዝም እል ነበር» አለ አምሐ ድምፁ ወርዶ። «በዓይን ነገር ግን አንድ ጊዜ ተታልያለሁ።»

በርጩማ ስላልነበረ የሚጮኽ ነገር የለም፤ ውብነሽ የምታዳምጠው ምልክት አጣች። አቶ ለሜሳ ከአምሐ ወደ እህታቸው ወደ ወይዘሮ በቀለች፣ ከእህታቸው ወደ ጨረቃዋ ተመለከቱ።

«ደህና» አሉ። «ይህ ልጅ የሚደብቅ አይደለም። ልጄን ውሰድ። ጥለት ያላትን ጨረቃ ግን ለእኔ ተዋት።»

ወይዘሮ ሸጊቱ እልል አሉ፤ አቶ መሐሙድ ቆባቸውን አስተካከሉ። ሰው ሁሉ ሲተቃቀፍ አምሐ ከደስታው ብዛት የሚያደርገው ጠፍቶት እውነተኛውን ዓይን መልሶ ሰክቶ ሰማይ ያይ ጀመር። ውብነሽ ያን ጊዜ ወጥታ ከጎኑ ቆመች። አንዱን ዓይኑን ጨፍኖ ነበርና ቀና ሲል ከፈተው። ሁለቱንም አየቻቸው። ቡናማ ናቸው። የቀኙ ሽፋሽፍት ጫፉ ላይ በብየዳ ፍንጣሪ ተለብልቦ አጥሯል፤ በመርፌ መስፋት የማይቻል ቦታ ነው እንጂ ክር ትመርጥለት ነበር።

«ምን ታያለሽ?» አላት።

«ሁለቱም እውነተኛ ናቸው» አለችው።

ሠርጉ ጥር ላይ ሆነ። አቶ ለሜሳ መነጽር ባይኖራቸውም ከባዱን ዓይን በቀይ ከረጢቱ ከአንገታቸው አይለዩትም። ገልብጠው ሲያስጠጉት ትንሹን ነገር አግዝፎ እንደሚያሳይ ራሳቸው ደረሱበት፤ የላም ጆሮ ውስጥ መዥገር ይፈልጉበታል፤ የምስሩን ነቀዝ ይመረምሩበታል። የጠየቃቸውን ሰው ሁሉ «አማቼ አንድ ዓይኑን አውጥቶ ሰጥቶኛል» ይሉታል፤ ከዚያ በላይ አያብራሩም።

«እኔስ ምን አልኩ?» ይላሉ ወይዘሮ በቀለች ይህ በተነሣ ቁጥር። «አንድ ዓይኑ የመርካቶ ነው አላልኩም?»

አምሐ ግን አሁን ያለው አንድ ዓይን ብቻ ነው። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትምና ውብነሽ ጥቁሩን ከረጢት ተርትራ በድርብ ገበር እንደገና ሰፋችው።